አንድ ነጥብ ስምንት

የወንድሜ ልጅ ከሆስፒታል ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ ክብደቷ ተጽፎ ነበር። ቤት ደርሰን ወረቀቱን ስዘረጋው ዝናብ ገብቶበታል። «1.8» የሚለው ይነበባል፤ ከስምንቷ ቀጥሎ የነበረው ግን ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም። አንድ ነጥብ ስምንት ኪሎ፣ አልኩ፣ ይበቃል።

ልጅቷ ከጊዜዋ አንድ ወር ከምናምን ቀድማ ነው የተወለደችው። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ቆይታ ጡት መያዝ ስትጀምር ከእናቷ ደረት እንዳትለይ፣ በየቀኑ እንድትመዘን፣ በሳምንቱ ተመልሳ እንድትታይ ተነግሮን ወጣን። ነርሷ በሩ ላይ አስቁማን፣ «መጨመር አለባት። ከቀነሰች ግን ሳምንቱን አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን አምጧት» አለችን። ወደ እኔ ዞራ የተናገረችው መነጽር ስላደረግሁ ይመስለኛል።

ያረፍነው ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር፣ በወንድሜ ሚስት እናት ቤት ነው። ሴትዮዋ የቤርታ ሰው ናቸው፤ አገሩ አያትን እንደሚጠራው ሁላችንም «ሀቦባ» እንላቸዋለን። ወንድሜ ስልክ የማይሠራበት የወርቅ ቁፋሮ ላይ ነበር። እኔ አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ፤ ክረምቱ ዕረፍት ስለሆነ አራሷን ላግዝ መጣሁ። ለማገዝ አልኩ እንጂ ምግብ ማብሰልም ማጠብም ሀቦባ አይሰጡኝም። የተሰጠኝ መመዘን ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ይህ ካልታወቀ ፍርሃታችን አይገባም። የወንድሜ ሚስት ከዚህች በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ሲታመም ይዛው ወጣች። ዝናብ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ እቅፏ ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሞት ለእሷ በሽታው ሳይሆን መንገዱ ነው። «ቤት ባቆየው ኖሮ» ትላለች እስከ ዛሬ። እናም ልጅቷ ከቀነሰች ቤት መቅረቷ ይገድላታል፤ ካልቀነሰች ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ያንን የአውራ ጣት ያህል ደረት ይዞ መውጣት ሌላ አደጋ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ሚዛን ላይ ወደቀ።

ሚዛኑን የሰጠችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። የሕፃናቱ ሚዛን ለጥገና ከሄደ ቆይቷል፤ ጤና ኬላው ውስጥ ያለው አዋቂ ቆሞ የሚመዘንበት ጠፍጣፋው ነው። መስኮቱ ላይ ከነጥቡ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ያሳያል። ማለት መቶ ግራም፣ መቶ ግራም እየዘለለ ይሄዳል።

በየጠዋቱ፣ ልጅቷ ሳትጠባ፣ ሳፋ ከነደረቅ ጨርቁ አስቀምጬ ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። በሩን እዘጋለሁ። የቀርከሃው ግድግዳ ነፋስ ያስገባል ብዬ በአንሶላ ጋርጄዋለሁ። ከዚያ ልጅቷን እናስተኛታለን። ስትፈራገጥ ቁጥሩ ይዋልላል፤ የተዋለለውን ጽፌ እሰርዘዋለሁ፤ ጸጥ ስትል፣ ቁጥሩ ሲቆም፣ የቆመውን አስፍሬ አሰምርበታለሁ። የመጀመሪያው ቀን 1.8። ሁለተኛው 1.8። ሦስተኛው፣ አራተኛው 1.8።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ጡቴ አጎጥጉጦ፣ የወተት ጥርሳቸው ከወለቀ ልጆች መካከል ተቀመጥኩ። አንድ ስሳሳት ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማላረጋግጠውን ነገር አልናገርም፤ የተንቀጠቀጠ ቁጥር ደግሞ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የወንድሜ ሚስት ልጇን ከሳፋው አንሥታ ደረቷ ውስጥ ስትከታት ቆም አለች።

«እትዬ፣ ቀላለች።»

«ማን?»

«ልጄ ናታ! ደረቴ ላይ ቀላለች።»

«ሚዛኑ እኮ ያው አንድ ነጥብ ስምንት ነው የሚለው። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም።»

«ሚዛኑ አላጠባትም።»

ሀቦባ ከበሩ አጠገብ ማሽላ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ልጅ ሰሊጥ ነው?» አሉ። «በየቀኑ ሚዛን፣ በየቀኑ ሚዛን! ሰሊጥ እንኳን አንድ ቀን ይመዘናል፣ ይሸጣል፣ አለቀ።» አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ስለሚጠሩ፣ ወደ እኔ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «አንተ ደግሞ ልጅ አታይም፣ መስኮት ታያለህ» ብለው ጨመሩ።

ረፋዱ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ደብተሬን ተቀበለችኝ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? አልቀነሰችም!» አለች። «አምስቱንም ቀን 1.8። እንዲህ የረጋ ክብደት እኔ አይቼ አላውቅም።»

ልታጽናናን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ደብተሩን ከእጇ መልሼ ወሰድኩት። እኔም አይቼ አላውቅም። የሚጠባ፣ የሚሸና፣ የሚያለቅስ ፍጥረት እንዴት ነው አምስት ቀን ሙሉ እንደ ድንጋይ አንድ ዓይነት የሚመዝነው? ሚዛኑ 1.8 የሚለው ከ1.75 ጀምሮ 1.85 እስኪሞላ ላለው ሁሉ ነው። ከታች ተነሥታ ወደ ላይ እየወጣች ከሆነ 1.8 ይላል። ከላይ ተነሥታ ወደ ታች እየወረደች ከሆነም 1.8 ይላል። ያችን የጠፋች አኃዝ የዚያን ጊዜ ፈለግኋት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ እድፍ ነው። የሆስፒታሉን ስልክ የያዘ ሰው የለም።

ደብተሩን ይዤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጡት ላይ ነበረች። ሦስት ጊዜ ትስባለች፣ ታንቀላፋለች። እናቷ ጉንጯን ነካ ታደርጋታለች፣ ሁለት ጊዜ ትስባለች፣ ታንቀላፋለች። ይህን ስንት ቀን አየሁት? አየሁት እንጂ አልመዘገብኩትም።

ያሰመርኩባቸው ቁጥሮች ሁሉም አንድ ስለሆኑ ዓይኔ ወደ ተሰረዙት ሄደ። ስሰርዝ አንድ መስመር ብቻ ነው የምሰርዘው፤ ላብራቶሪ ውስጥ የተጻፈ ነገር አይፋቅም። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ስትፈራገጥ የሰረዝኳቸው፦ 1.9፣ 1.8፣ 1.9፣ 1.9። በሁለተኛው ቀን 1.8፣ 1.9፣ 1.8። በሦስተኛው ሁሉም 1.8። በአራተኛው 1.8፣ 1.8፣ 1.7። በዚያን ቀን ጠዋት፦ 1.7፣ 1.8፣ 1.7።

ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ቁጥሩ ለአፍታ ወደሚቀርበው ደረጃ ይወድቃል፤ መጀመሪያ የሚቀርበው የላይኛው ነበር፣ አሁን የታችኛው ነው። እውነቱን ስትነግረኝ የቆየችው በመፈራገጧ ነው። እኔ ጸጥ አሰኝቻት፣ በር ዘግቼ፣ ነፋስ ጋርጄ፣ የተናገረችውን በማስመሪያ ሰርዤዋለሁ።

ይህን ነገር እኮ ተምሬዋለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር የሙቀት መለኪያ አምጥቶ፣ ቁጥሩ ሃያ ሰባት ላይ ተጣብቆ አልነቃነቅ ሲል፣ ሆን ብሎ ቁጥሩን የሚያንቀጠቅጥ ትንሽ ነውጥ ለቀቀበት። ዲዘር ይባላል አለ። ቁጥሩ ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት መካከል መመላለስ ጀመረ፤ ብዙ ጊዜ አንብበን አማካዩን ስንወስድ ሃያ ሰባት ከሩብ የሚሆነው ተገኘ። ደረጃ የሚወጣ ቁጥር በደረጃዎቹ መካከል ያለውን አያይም፤ ትንሽ ስትነቀንቀው ግን አንዴ ላይ አንዴ ታች ይረግጣል፣ የትኛውን አብዝቶ እንደረገጠ ስትቆጥር የት እንዳለ ታውቃለህ። እኔ ይህን በሚያምር ጽሕፈት ገልብጬ በፈተና ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት። አላመንኩበትም ነበር። ንጹሕ ልኬት ላይ ቆሻሻ መጨመር መስሎኝ አፍሬለት ነበር።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ የወንድሜ ሚስት።

ልዋሻት ፈልጌ ተውኩት። «ቁጥሩ መሐል ላይ ነው» አልኩ። «ሚዛኑ የማያየው ቦታ ላይ ነች። ወደ ታች የሄደች ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። መፈራገጧ አንድ ቀን ይበረታል፣ አንድ ቀን ይደክማል፤ በእሱ ብቻ መንገድ ላወጣሽ አልችልም።»

ፊቷን አላየሁም። ጨርቁን በልጇ ላይ ሲጠቀልል እጇን ነው ያየሁት።

ሀቦባ ማሽላውን ተዉት። «ሚዛን አያይም? ትንሽ ነገር አያይም?»

«አዎ፣ ትንሹን አያይም።»

«ወርቅም እንደዚያ ነው።» ተነሥተው መጡ። በወጣትነታቸው ከጅረት ወርቅ ያጥቡ ነበር፤ የሚያወጡት አንዳንድ ቀን ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነው። «ነጋዴ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ዜሮ ይላል። 'ወርቅ የለህም፣ ሂድ' ይላል። እኔ ክብሪት አወጣለሁ። መጀመሪያ ወርቅ የለም፤ ክብሪት ብቻ። አንድ እንጨት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁጥር ዘለለ! ስንት ሆነ? ያዝ። ከዚያ ወርቅ አስገባ። እንደገና ክብሪት። ቶሎ ከዘለለ ወርቅ አለ። ነጋዴ ይሰድበኛል። ይስደብ! ትንሽ ነገር ብቻውን አይታይም፣ ጓደኛ ይፈልጋል። ይህን መጽሐፍ አልነገረህም?»

ነግሮኛል። ከሰባት ዓመት በፊት ነግሮኛል።

ከጤና ሠራተኛዋ የአሥር ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተቀበልኩ። አሥር ሚሊ ሊትር ውሃ አሥር ግራም ነው። ዘጠኝ ትንንሽ ፌስታል ውስጥ አሥር አሥር ሞልቼ ቋጠርኳቸው፣ እንዳያፈሱ ሁለት ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በወረቀት ጽፌ፣ አጣጥፌ ኩባያ ውስጥ ጨመርኩ። ሀቦባ አንድ ወረቀት ያወጣሉ፤ ወረቀቱ ያለውን ያህል ፌስታል ከልጅቷ አጠገብ ሳፋው ውስጥ ይገባል፤ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ታነባለች፤ እኔ እጽፋለሁ። የወጣው ወረቀት አሥሩም እስኪያልቁ አይመለስም፤ እንዲህ ሦስት ዙር። እንደ ሀቦባ ክብሪት በተራ መጨመር ይቻል ነበር። ግን ልጅቷ ትተነፍሳለች፣ ቁጥሩ አንዴ ዘሎ አንዴ ይመለሳል፤ እኔም ራሴን አላመንኩም። መጨመሯን አጥብቄ ስለምፈልግ፣ ሲዘል ለመጻፍ፣ ሲመለስ ለመጠበቅ እጄ እንደሚቸኩል አውቃለሁ። ዕጣ ግን የእኔን ፍላጎት አያውቅም።

«ቶምቦላ ነው እንዴ?» አለች ሠራተኛዋ ለመሳቅ እየሞከረች። «እኔ በሕይወቴ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም።»

«ዝም ብለሽ አንብቢ» አልኳት፤ ድምፄ ከአስተማሪ ድምፅ የከፋ ነበር።

መጀመሪያ አሥሩን አነበብን፤ ከዚያ ብርድ እንዳይገባት ወደ እናቷ ደረት መለስናት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ጡት ፈለገች። የእናቷ ቀሚስ በወተት ረጥቦ ነበር።

«እንዳታጠቢያት» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ከጠባች ክብደቱ ይለወጣል። ሃያ ንባብ ቀርቶናል። ትንሽ ብቻ ታገሺ።»

በራብ እንዳትሞት የምፈራላትን ልጅ ጡት የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይህን ሰው ሳይጠይቀኝ እጽፈዋለሁ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነበር፣ እሱም ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛውን አሥር እያለቀሰች አነበብን። ቁጥሩ ተርገበገበ፤ እንደ በፊቱ እስኪቆም አልጠበቅሁም፣ ሦስት ቆጥሬ የታየውን ጻፍኩ። ሦስተኛው አሥር ላይ ማልቀሷን አቆመች። ያ ዝምታ ከለቅሶው ይብስ ነበር። ሀቦባ ወረቀት ባወጡ ቁጥር ከንፈራቸው «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ይል ነበር።

እናቷ አጠባቻት። እኔ ቆጠርኩ።

ከሠላሳው ንባብ ሃያ ሰባቱ 1.8፣ ሦስቱ ብቻ 1.9። ልጅቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁለቱ ቁጥሮች ድንበር ላይ ብትሆን ኖሮ፣ አንድ ፌስታል ሲጨመር ገና ወደ 1.9 ትሻገር ነበር፤ ከሠላሳው አብዛኛው 1.9 በሆነ። አሁን ግን የምትሻገረው ዘጠኙም ፌስታል ሲገባ ነው። አማካዩን አወጣሁ፣ የውሃውን አማካይ አርባ አምስት ግራም ቀነስኩ። አንድ ነጥብ ሰባት ስድስት አምስት። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሦስተኛ ልደግም ስል ለራሴ፣ ይህ ትክክለኛነት አይደለም፣ ጊዜ መግዛት ነው አልኩ።

«ቀንሳለች» አልኩ። «ብዙ ቀንሳለች። እንሂድ።»

የወንድሜ ሚስት ልጇን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይመታል።

«መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ?»

«አትሞትም» የሚል ቃል አፌ ላይ መጣ፤ አልወጣም። ያላረጋገጥኩትን መናገር አልችልም። «እዚህ ከቆየች ግን እየቀነሰች ነው» አልኩ። «ይህን አውቄዋለሁ።»

ሀቦባ ልጃቸውን በቤርታኛ አንድ ነገር አሏት፤ አልተረዳሁትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ፊት ቁም፣ መኪና አስቁም። አንተ ሚዛን ትችላለህ፣ መኪና ማስቆምም ቻል» አሉኝ። የራሳቸውን ጋቢ ልጅቷን ባቀፈው ደረት ላይ ሁለት ዙር ጠቀለሉት።

ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ የሚመለስ ሚኒባስ ቆመልን። ሞልቷል። ረዳቱ፣ «አንድ ሰው ብቻ!» አለ። የጋቢውን ውስጥ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፣ በሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሀቦባም እኔም ተጨናንቀን ገባን። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «መስኮቱን ዝጉ፣ አራስ ናት!» ብላ ጮኸች፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘጉ፤ ትንፋሻችን መስታወቱን ሸፈነው። የወንድሜ ሚስት ውጭውን አላየችም። በየጥቂት ደቂቃው ጋቢውን ከፈት አድርጋ ጣቷን ከልጅቷ አፍንጫ ሥር ታደርጋለች። ጣቷን ስታወጣ እኔ ፊቷን አያለሁ። እንዲህ እያልን አሶሳ ደረስን፤ መንገዱ ምን ያህል እንደፈጀ ጠይቁኝ ብትሉኝ አላውቅም፣ እኔ ሰዓት የማይጠፋኝ ሰው።

ከሆስፒታል ስንወጣ በሩ ላይ ያስቆመችን ያችው ነርስ ተቀበለችን። የእነሱ ሚዛን አምስት ግራም ይለያል። 1,770። እናቷ መኪና ውስጥ ትንሽ አጥብታታለች፤ ከእኔ ቁጥር ጋር አምስት ግራም ነው ልዩነቱ። በሕይወቴ ትክክል ሆኜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ የወጣንበትን ቀን ፈለገች፤ ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆመ። 1,845።

«በየቀኑ ስትመዝኗት ምን ይል ነበር?» አለች።

ደብተሩን ሰጠኋት። የተሰመረባቸውን ብቻ ብታይ ምኞቴ ነበር፤ እሷ ግን የተሰረዙትንም አነበበች። ዓይኗን አነሣችና አየችኝ። አምስቱንም ቀን ካርዱ ላይ ገለበጠች፣ ከነስርዙ።

ሐኪሙ ጡት ላይ እንዴት እንደምታንቀላፋ አየ፤ ከምታገኘው ይልቅ ለመሳብ የምታወጣው ጉልበት ይበልጣል አለን። በአፍንጫዋ ክር የመሰለ ቱቦ ገባላት። እናቷ ከጡቷ አልባ የሰጠችውን ወተት ነርሷ መግፊያው በወጣለት ሲሪንጅ ውስጥ አፈሰሰችው፤ አልገፋችውም፣ ከፍ አድርጋ ብቻ ያዘችው። በራሱ መውረድ አለበት አለች።

ወተቱ ቆመ። ሦስታችንም ሲሪንጁ ላይ ካሉት መስመሮች አንዱን መርጠን አፈጠጥን። የወንድሜ ሚስት እጄን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ እስኪገባ። ሀቦባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዲት አረፋ ከታች ወጣች። ከዚያ የወተቱ ጫፍ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ትንሽ።

«እየገባ ነው?» አሉ ሀቦባ ሳይገልጡ።

«እየገባ ነው» አልኩ። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ።